የአንድ የድኅረ ምረቃ ሴሚናሪ የቅበላና የክሬዲት አሠራር፦ ከአመልካች ወገን የቀረበ ግምገማ

በነገረ መለኮት የማስተርስ ትምህርት ሊጀምር ያሰበ አገልጋይ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይቀበሉኝ ይሆን?» ብሎ ነው። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። አሁን የቅበላ ደብዳቤው ደርሶኝ፣ የመጀመሪያውንም ሴሚስተር ጨርሼ ነገሩን መለስ ብዬ ስመለከተው ግን፣ ከዚያ ባልተናነሰ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው «ከዚህ በፊት ከተማርሁት ውስጥ ምን ያህሉን ትቆጥሩልኛላችሁ? መልሱንስ መቼ በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ?» የሚለው ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው በሰሜን አሜሪካው የክሬዲት ሥርዓት የሚሠራ፣ በርቀትም በገጽ ለገጽም የሚያስተምር አንድ የድኅረ ምረቃ ሴሚናሪ በቅበላና በክሬዲት አያያዝ በኩል የሰጠኝን አገልግሎት መሠረት አድርጌ ነው። የሴሚናሪውን ስም አልጠቅስም፤ ዓላማዬ ሌላው አመልካች ምን ማጣራት እንዳለበት ማሳየት ስለሆነ ነው።

ይዤ የቀረብሁት ማስረጃ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያገኘሁት የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ሴሚናሪ ጀምሬ አገልግሎት ስለበዛብኝ ያቋረጥሁት የማስተርስ ትምህርት ነው። እዚያ ስድስት ኮርሶች ጨርሼ ነበር። አሁን የገባሁበት፣ ለመጋቢነት የሚያሠለጥነው ፕሮግራም ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ይባላል፤ በዚህ ሴሚናሪ 78 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል። ቁጥሩ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አጀማመሩ እ.ኤ.አ. ወደ 1918 የሚመለሰው የአሜሪካና የካናዳ የቲኦሎጂ ትምህርት ቤቶች ማኅበር በዕውቅና መስፈርቱ ለዚህ ዲግሪ ያስቀመጠው ዝቅተኛው መጠን ራሱ 72 ክሬዲት ነው። ለማስተር ኦፍ አርትስ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ግን 36 በመሆኑ፣ ሁለቱም በጥቅሉ «ማስተርስ» ቢባሉም አንደኛው የሌላውን እጥፍ ያህል ሥራ አለበት። ለመጋቢነት ሥልጠና የሚፈልግ ሰውና ለማስተማር ወይም ለጥናት የሚዘጋጅ ሰው ከማመልከታቸው በፊት ይህን ልዩነት ቢያውቁት መልካም ነው።

በቅበላው በኩል ያገኘሁት አገልግሎት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። የማመልከቻው ቅጽ ከኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ሌላ የሕይወት ምስክርነት፣ የመጋቢ የድጋፍ ቅጽና ከቀድሞ መምህር የሚጻፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ምስክርነቱ ላይ የተሰጠው መመሪያ ወደ እምነት የመጣሁበትን ታሪክ ብቻ ሳይሆን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እየሠራሁ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት በአገልግሎት የገጠመኝን አለመግባባትም እንዴት እንደያዝሁት እንድጽፍ የሚያደርግ ነበር። ይህ የመጨረሻው ክፍል ሁለት ሌሊት ወስዶብኛል። የመጋቢው ቅጽ ደግሞ «ትጉህ ነው፣ ታማኝ ነው» በሚሉ ሣጥኖች ላይ ምልክት በማድረግ የሚያልቅ አይደለም፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ይህ ሰው የእርስዎን ልጆች እንዲያስተምር ይፈቅዳሉን? ምክንያትዎን ይግለጹ» የሚል እንደሆነ መጋቢዬ ራሳቸው ነግረውኛል። አንድ ሴሚናሪ ተማሪ ሲቀበል ወደፊት የምእመናን ኃላፊነት ሊሸከም የሚችል ሰው እየተቀበለ መሆኑን የሚያስታውስ ጥያቄ ስለሆነ በጣም አክብሬዋለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ አመልካች ሳያነብ የሚያልፈው አንድ ትንሽ መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የአሜሪካ የትምህርት መዛግብት ሕግ መሠረት ተማሪ ከተመዘገበ በኋላ ስለ እርሱ የተጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ የማየት መብት አለው፤ ቅጹ ይህን መብት በፈቃዱ ይተው እንደሆነ ይጠይቀዋል። እኔ መብቴን ትቻለሁ፤ ጸሐፊው በነጻነት እንዲጽፍ ስለፈለግሁ ነው። ሴሚናሪው ሁለቱም ምርጫ በቅበላ ውሳኔው ላይ ተጽዕኖ እንደማይኖረው በግልጽ መጻፉ ተገቢ ነው።

የእምነት መግለጫን በተመለከተም አሠራሩ ሚዛናዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መምህራኑ በመግለጫው ላይ በየዓመቱ ይፈርማሉ፤ ተማሪው ግን እንዲፈርም የሚጠየቀው መግለጫውን ማንበቡንና ትምህርቱ በዚያ መሠረት ላይ እንደሚሰጥ መረዳቱን ብቻ ነው። ከሌላ የክርስትና ወግ የመጣ ተማሪ ሳይዋሽ መግባት ይችላል ማለት ነው። በኅሊናው ያልተቀበለውን አንቀጽ ለመግቢያ ሲል የፈረመ ሰው የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ፈተና ክፍል ሳይገባ ወድቋል፤ ትምህርት ቤትም ተማሪውን ወደዚህ ባይገፋው ይሻላል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ከ2.5 በታች የሆነ አመልካች በሩ አይዘጋበትም። በቅድመ ሁኔታ ይገባል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ አይወስድም፤ በሁለቱም ቢያንስ ቢ ማይነስ ማምጣት አለበት። አብረውኝ ከጀመሩት አንዱ በዚህ መንገድ የገባ ሲሆን ዛሬ ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው።

ሰፊውን ቦታ ልሰጠው የምፈልገው ለክሬዲቱ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚጎዳውም የሚጠቀመውም እዚህ ላይ ነውና። ክሬዲት ስንል የሥራ ሰዓት ማለታችን እንደሆነ መርሳት የለብንም። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት አንድ የሴሚስተር ክሬዲት ለአሥራ አምስት ሳምንት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት በክፍል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራን ይወክላል። እንግዲህ አንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት፣ በሴሚስተር 135 ሰዓት ይፈልጋል። ሁለት ኮርስ የያዘ ሰው በየሳምንቱ 18 ሰዓት ከሥራው፣ ከቤተሰቡና ከአገልግሎቱ ላይ መቀነስ አለበት። በርቀት የሚሰጠው ትምህርት የተወሰነ የክፍል ሰዓት ስለሌለው ይህ ድምር አይታይም፤ ንባቡና የውይይት ጽሑፉ ግን ያንኑ ያህል ጊዜ ይወስዳል። የሴሚናሪው አማካሪ በመጀመሪያው የስልክ ውይይታችን ይህንን ሂሳብ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ማስላቱ ያስመሰግነዋል፤ ሦስት ኮርስ ልመዘገብ ነበር፣ በሁለት ተወሰንሁ።

ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ክሬዲትን በሚመለከት ካታሎጉ (የሴሚናሪው የደንብና የኮርስ ዝርዝር መጽሐፍ) የሚያስቀምጣቸው ገደቦች በአብዛኛው በሌሎች ሴሚናሪዎችም የሚታዩ ናቸው። የሚዛወረው ከዲግሪው ግማሽ አይበልጥም፤ በ78 ክሬዲት ፕሮግራም እስከ 39 ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ የታወቀ ዕውቅና ሊኖረው ይገባል፤ ትምህርቱ የድኅረ ምረቃ ደረጃ መሆን አለበት፤ ውጤቱ ከቢ ማይነስ እንዳያንስ፣ ኮርሱም ከተወሰደ ከአሥር ዓመት እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ ይዘቱም ከሴሚናሪው ኮርስ ጋር መመሳሰል አለበት። አመልካች «እስከ ግማሽ» የሚለውን ሲያነብ ግማሹ የእርሱ እንደሆነ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ተስፋ አድርጌ ነበር። ግማሽ የተባለው ግን ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን የሚወስኑት ሌሎቹ አምስት መስፈርቶች ናቸው።

የደረሰኝ የግምገማ ሉህ ስድስት መስመሮች ያሉት አንድ ገጽ ነበር። በግራ የቀድሞው ኮርስ፣ ቀጥሎ ውጤቱና ዓመቱ፣ ከዚያ በሴሚናሪው የሚተካው ኮርስ፣ በመጨረሻ ውሳኔው ተጽፏል። የክርስትና ሥነ ምግባር ሲ ፕላስ ስለነበረኝ አልተቆጠረም፤ በዚህ ቅር አላለኝም፤ በዚያ ሴሚስተር በቂ ሥራ እንዳልሠራሁ እኔ ራሴ አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ክፍል አንድ ከተወሰደ አሥራ አንደኛ ዓመቱን ስለያዘ ተሰረዘ። በዚህኛው ግን አልስማማም። በመጋቢያዊ ምክር ወይም የማስተማሪያ ዘዴ በሚለዋወጥባቸው የትምህርት ዓይነቶች የዓመት ገደብ መኖሩ ምክንያታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 የተካሄደውን የኒቂያ ጉባኤ የሚያጠና ኮርስ ግን በአንድ ዓመት ብልጫ ዋጋ የሚያጣበት ምክንያት አልታየኝም። ተማሪው ረስቶት እንደሆነ በፈተና ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሴሚናሪው ለሌሎች ኮርሶች ይህን ያደርጋል፤ ለዚህም ቢያደርገው ማንም አይጎዳም።

ስለዚሁ የዓመት ገደብ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ካታሎጉ «አሥር ዓመት» ይላል እንጂ እስከ መቼ ድረስ እንደሚቆጠር አይናገርም። እስከ ቅበላው ዕለት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እስከ ምረቃው ዕለት ከሆነ ግን ዛሬ ስድስት ዓመት የሆነው ኮርስ ትምህርቴን በግማሽ ጊዜ በአምስት ዓመት ስጨርስ ከገደቡ አልፎ ይወድቃል ማለት ነው። ሬጅስትራሯን (የተማሪዎች መዝገብ ኃላፊዋን) በጽሑፍ ጠይቄ «እስከ ቅበላው ዕለት» የሚል መልስ አግኝቻለሁ፤ ደብዳቤውንም አስቀምጬዋለሁ። ማንም አመልካች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዳይመዘገብ አጥብቄ እመክራለሁ።

የስብከት ጥናት ኮርሴ ታሪክ ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ «ተግባራዊ ልምምድ መኖሩ አልተረጋገጠም» ተብሎ ተመልሶ ነበር፤ ምክንያቱም የዚህኛው ሴሚናሪ ኮርስ ተማሪው በክፍል ፊት ሰብኮ እንዲታረም ያስገድዳል፤ የቀድሞው ትምህርት ቤት አጭር የኮርስ መግለጫ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ደግነቱ የኮርሱን ሲላበስ (ዝርዝር የኮርስ ዕቅድ) አልጣልሁትም ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሦስት ስብከት፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ፣ በመምህሩና በተማሪዎች የጽሑፍ አስተያየት የሚሰጥባቸው መሆኑ ከነነጥብ ድልድሉ ተጽፏል። ገጹን ስካን አድርጌ ላክሁ፤ በአራተኛው ቀን ውሳኔው ተቀየረ። እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ሂደት ያተረፍሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ትራንስክሪፕት ኮርሱን መውሰዳችሁን ይመሰክራል፤ ምን እንደተማራችሁበት የሚመሰክረው ሲላበሱ ነው። አስቀምጡት።

የተቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም የብሉይ ኪዳን ነገረ መለኮት፣ የመጋቢያዊ ምክርና የወንጌል ተልእኮ ታሪክ ያለ ችግር አልፈዋል። በጠቅላላው አራት ኮርስ ተቆጠረልኝ። እዚህ ላይ ግን ያልጠበቅሁት ሂሳብ መጣ። የቀድሞው ትምህርት ቤት የሚሠራው ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ጊዜ፣ በኳርተር ነበር፤ አንድ የኳርተር ክሬዲት ደግሞ የሴሚስተር ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ነው። በዚያ ባለ አራት ክሬዲት የነበረው ኮርስ እዚህ ሲመጣ 2.67 ይሆናል። አራቱ ተደምረው 10.67 እንጂ 12 አልሆኑም። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚያስቸግረው ቁርጥራጩ ነው። የግዴታው ኮርስ እንደተሟላ ይቆጠራል፤ የጎደለው ግን በሌላ ኮርስ መሞላት አለበት። በሌላ ሥርዓት የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት፤ የአውሮፓው የክሬዲት ሥርዓት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመትን በ60 ስለሚቆጥር፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ዲግሪዬን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ክሬዲት ወደ ማስተርስ አይዛወርም። ሆኖም አድቫንስድ ስታንዲንግ የሚባል መንገድ አለ፤ ተማሪው በመጀመሪያ ዲግሪ በደንብ የተማረውን በፈተና አሳይቶ ያንን ኮርስ ያልፋል። ይህ መንገድ ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነቱንም ካታሎጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያልፈው። በአንደኛው ክሬዲቱ ራሱ ይሰጣል፤ የሚቀረው የዲግሪ ሥራም ያንን ያህል ይቀንሳል። በሁለተኛው ግን ኮርሱ ይዘለላል እንጂ ክሬዲቱ አይሰጥም፤ በምትኩ ከፍ ያለ ሌላ ኮርስ ይወሰዳል። እኔ በብሉይና በአዲስ ኪዳን መግቢያ ተፈትኜ ስድስት ክሬዲት አገኘሁ። በግሪክኛ ደግሞ የምደባ ፈተናውን አልፌ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለልሁ፤ ክሬዲት ግን አልተሰጠኝም፤ በቦታው የጳውሎስን መልእክት ከግሪክኛው የሚያጠና ኮርስ እወስዳለሁ። ይህ አሠራር ጊዜ አያሳጥርም፤ ነገር ግን ፊደልና የግስ ርባታ በድጋሚ ከመቁጠር ጽሑፉን ማንበብ ይበልጣልና በደስታ ነው የተቀበልሁት።

ሁሉም ተደምሮ 16.67 ክሬዲት ተያዘልኝ፤ 61.33 ቀረኝ። ሃያ ኮርስ 60 ይሞላል፤ የቀረችው 1.33 ደግሞ ለብቻዋ አንድ ሙሉ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ልታስወስደኝ ነበር። የአካዳሚክ ዲኑ ግን ነገሩን ካዩ በኋላ ከአንድ መምህር ጋር በግል የሚጠና ባለ ሁለት ክሬዲት ንባብ እንድወስድ ፈቀዱ። ይህ ፈቃድ በካታሎጉ ውስጥ አይገኝም፤ የተሰጠኝም ስለጠየቅሁ ነው። የማይጠይቅ ተማሪ ለአንድ ቁርጥራጭ ሲባል 135 ሰዓት ሊከፍል ነው ማለት ስለሆነ፣ ሴሚናሪው አሠራሩን በጽሑፍ አውጥቶ ለሁሉም እኩል ቢያደርገው ይገባል።

በዚህ ሴሚናሪ ላይ ያለኝ እውነተኛ ቅሬታ ከገደቦቹ ጥብቀት ይልቅ ቅደም ተከተሉን የሚመለከት ነው። የቅበላ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ተማሪው በሠላሳ ቀን ውስጥ የማይመለስ የማረጋገጫ ክፍያ ከፍሎ ይመዘገባል፤ የክሬዲት ግምገማው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ ሉህ የደረሰኝ ሴሚስተሩ ከተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ የመጋቢያዊ ምክርን ኮርስ እየተከታተልሁ ነበር፤ አማካሪው «የሚቆጠርልዎ መሆኑ ገና ስላልታወቀ አሁኑኑ ቢወስዱት ይሻላል» ብሎ መክሮኝ የተመዘገብሁበት ነው። ሉሁን ከፍቼ በአምስተኛው መስመር ላይ ያ ኮርስ እንደተቆጠረልኝ ሳነብ፣ ኮርስ ጥሎ ክፍያ የሚመለስበት ቀን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሁለት መጽሐፍ አንብቤ፣ አንድ ጽሑፍም አስገብቼ ነበር። ዲኑ ኮርሱ እንደ ምርጫ ኮርስ እንዲያዝልኝ አድርገዋል፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በዚያ የምርጫ ቦታ ልወስደው ያሰብሁት የዕብራይስጥ ንባብ ነበር፤ እርሱን አጥቻለሁ።

ስለ ሰው ጥሪ በጥንቃቄ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ስለ ጊዜውና ስለ አቅሙም በዚያው ጥንቃቄ ሊናገረው ይገባል። ገንዘብ ከመቀበል በፊት «ይህን ያህል ተቆጥሮልዎታል፤ ይህን ያህል ይቀርዎታል፤ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ቢወስዱ በዚህ ዓመት ይጨርሳሉ» የሚል አንድ ገጽ መስጠት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሉሁ በመጨረሻ የሚዘጋጀው በዚያው መረጃ ነው፤ ትራንስክሪፕቱም ከማመልከቻው ጋር አስቀድሞ እጃቸው ገብቷል። ይህን ሐሳብ ለሬጅስትራሯ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር። ጽሕፈት ቤታቸው ሁለት ሠራተኛ ብቻ እንዳለው፣ ሆኖም ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ስምንት ሳምንት በፊት ሰነዱን ላሟላና በጽሑፍ ለጠየቀ አመልካች ቅድመ ግምገማ ከክፍያ በፊት ሊሰጡ እንደሚችሉ መልሰውልኛል። ካታሎጉ ላይ ስላልወጣ እዚህ እንዲታወቅ አድርጌዋለሁ፤ የምታመለክቱ ሁሉ በስም ጠይቁት።

ትምህርቱን በተመለከተ እስካሁን ባየሁት ደስተኛ ነኝ፤ መምህራኑ የተማሪን ጽሑፍ መስመር በመስመር ያርማሉ። ቀደም ያለ የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ለሌለው፣ ገና ለሚጀምር አመልካች ሴሚናሪውን ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ክሬዲት ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን የምጠቁመው ከላይ ያልሁትን ቅድመ ግምገማ በእጁ ካስገባ በኋላ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ኮርሴ በፈተና እንዲታይልኝ ያስገባሁትን ማመልከቻ የመምህራን ጉባኤው በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ እንደሚመለከተው ተነግሮኛል፤ ውሳኔው ሲደርሰኝ እዚሁ ላይ እጨምረዋለሁ።